ጣሪያ ሳይሆን ጀበና ቁጠሩ

ጅማ ውስጥ መጀመሪያ ለቤት ቆጠራ የወጣሁ ጊዜ የቆጠርነው ጣሪያ ነበር። ሄርማታ ሰፈር አንዱን ረጅም ቆርቆሮ «አንድ ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ኋላ ውኃ ልጠጣ ግቢው ስገባ ሰባት በር ተደርድሮ አየሁ። ቅጹን ቀደድኩት።

ቀበሌያችሁ «ስንት ቤት ይጎድለናል?» ካለ ከቤተሰብ ጀምሩ። በቆጠራ ደንብ ቤተሰብ ማለት ዝምድና አይደለም፤ አብሮ እየኖረ ምግቡን በጋራ የሚያሰናዳ ነው። ብቻውን የሚኖርም ራሱን የቻለ ቤተሰብ ነው። «ስንት ቤተሰብ አለ?» ካላችሁ እማማ «አንድ» ይሏችኋል፣ ልጃቸው ሚስቱን ይዞ ጓዳ ገብቶ፣ ሰርቪሱም ተከራይቶ ሳለ። እኔ «እማማ፣ እዚህ ግቢ ስንት ጀበና ይጣዳል?» እላለሁ። ይስቁና በጣታቸው ይቆጥሩልኛል። ቡናውን ተጠራርተው ቢጠጡትም ጀበናው የየራስ ነው። ለማረጋገጥ «ድስቱስ?» በሉ።

ቀጥሎ ቤቱን እዩ። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ተወርሰው የቀበሌ የሆኑት ጭቃ ቤቶች ከፊት ቀለም ተቀብተው ያታልላሉ። ዞራችሁ ከግድግዳው ሥር ጎንበስ በሉ፤ በተለይ አዌቱ ወንዝ ዳር። ምርጊቱ ብቻ ከረገፈ ይጠገናል፤ ቋሚው በስብሶ ግድግዳው ካዘመመ ግን «የሚፈርስ» ብላችሁ ለዩት። በአንድ ክፍል ከ3 ሰው በላይ ካለም ምልክት አድርጉ።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ መንደር 120 ቤተሰብና 90 ቤት አለው እንበል፤ 15ቱ የሚፈርሱ ናቸው። የሚረባው 75 ስለሆነ ጉድለቱ 45 ነው። ሁለት ቤተሰብ የተጨናነቀበትን ቤት እንደገና እንዳትደምሩ፣ ሁለቱም ቤተሰብ በ120ው ውስጥ ተቆጥሯል። ቁልፍ ተንጠልጥሎበት የከረመ ቤት ካለ ጎረቤት ጠይቁ፤ የሚከራይ ከሆነ ከጉድለቱ ይቀነሳል።

በ1999ኙ ቆጠራ የከተማው ሕዝብ 120,960 ነበር። በዚያ ላይ በየዓመቱ መቶኛ እየጨመሩ ቢሮ ተቀምጦ ቁጥር ማውጣትን እኔ አላምንበትም።

በክረምት አትውጡ፤ ተማሪው አገሩ ገብቶ የኪራይ ክፍሉ ባዶ ይመስላችኋል። ጥር ይሻላል፣ የቡና ለቀማውም ያልፋል። የእድሩን ጸሐፊ ይዛችሁ ሂዱ፣ ኦሮምኛ የማይችል ቆጣሪም ብቻውን አይላክ። የኪራዩን ዋጋ ደግሞ መጨረሻ ላይ ጠይቁ። ከዚያ ካስቀደማችሁት ግብር የመጣ ይመስላቸውና ተከራዩ ሁሉ ድንገት «የአጎቴ ልጅ» ይሆናል።