ላፕቶፓችሁ ዋይፋይ እምቢ ሲለው እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ኢንተርኔት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው እጃችን ነው። አንዱን እናጠፋለን፣ ሌላውን እንነቅላለን፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን ያገኘነውን ሁሉ እንነካካለን። ኢንተርኔቱ ቢመለስ በምን እንደተመለሰ አናውቅም። ባይመለስ ደግሞ በችግሩ ላይ ሌላ ችግር ደርበናል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት የቱ ጋ እንደተቆረጠ ሳይለዩ ጥገና ከመጀመር ነው።

የዋይፋይ ምልክቱን አይቶ መስመሩ ደህና ነው ማለት

ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ገጽ ግን አይከፍትም። ያ ምልክት የሚነግራችሁ ላፕቶፑና ራውተሩ መገናኘታቸውን ብቻ ነው። ራውተሩ ራሱ ከውጭው መስመር ጋር መገናኘቱን አይነግራችሁም። ለመለየት ስልካችሁን አንሡና በዚያው ዋይፋይ አንድ ገጽ ክፈቱ። የሞባይል ዳታውን ግን አስቀድማችሁ አጥፉ። ብዙ ስልኮች ዋይፋዩ ኢንተርኔት ከሌለው ዝም ብለው ወደ ዳታ ይሻገራሉ፤ እናንተም ዋይፋዩ ሠራ ብላችሁ ትሳሳታላችሁ።

ስልኩም እምቢ ካለ ላፕቶፑን ተዉት፤ ጣጣው ከራውተሩ ወይም ከመስመሩ ነው። መስመራችሁ ፋይበር ከሆነ ሳጥኑ ላይ ኤል ኦ ኤስ የሚል መብራት አለ። እሱ በቀይ ከበራ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ በፋይበሩ የሚመጣው ብርሃን ሳጥኑ ጋ እየደረሰ አይደለም። ገመዱ አለመውለቁንና አለመታጠፉን እዩ። ደህና ከሆነ ወደ አገልግሎት ሰጪው ደውሉ።

ሪስታርትና ሪሴትን ማምታታት

ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው ይሄ ነው። ራውተር አጥፍቶ ማብራት ጥሩ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይፈታል። ከሶኬት ንቀሉት፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ መልሱት፣ መብራቶቹ እስኪረጋጉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ስጡት።

ብዙ ጊዜ ከጀርባ ያለችውንና በመርፌ የምትጫነውን ቀዳዳ ግን አትንኩ። እሷ ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ታደርገዋለች። እናንተ ያወጣችሁለት የዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ይጠፋል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ አንዳንድ መስመር የሚሠራው መስመሩን የዘረጋው ባለሙያ ራውተሩ ውስጥ ባስገባው የአካውንት ስምና ፓስወርድ ነው፤ እሱም አብሮ ይጠፋል። የዋይፋዩ ስም በስልካችሁ ላይ እንደገና ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ቴክኒሻን ያስጠብቃችኋል።

ዊንዶውስ ውስጥም ኔትወርክ ሪሴት የሚባል አማራጭ አለ። ላፕቶፑ ያስታወሳቸውን የዋይፋይ ፓስወርዶች ስለሚያጠፋ፣ ቪፒኤን (ግንኙነታችሁን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ካላችሁም እንደገና መጫን ሊጠይቅ ስለሚችል መጨረሻ ላይ ብቻ ሞክሩት።

ኤርፕሌን ሞድን መርሳት

ኤርፕሌን ሞድ ሲበራ ዋይፋይን ጨምሮ የላፕቶፑን ሽቦ አልባ ግንኙነት ይዘጋል። ሳታስቡት ለማብራት ኪቦርድ ስታጸዱ አንዷን ቁልፍ ነካ ማድረግ ይበቃል። በአንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ደግሞ ጎን ላይ ዋይፋይ የሚያጠፋ ማንሸራተቻ አለ። ሌላ ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ሁለቱን እዩ።

ርቀትን እንደ ብልሽት መቁጠር

ሳሎን ውስጥ የሚበር ኢንተርኔት መኝታ ቤት ሲገባ ይንቀራፈፋል። ላፕቶፑ አልተበላሸም። አብዛኛው ራውተር በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራል። 5 ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። 2.4 ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግን ብሉቱዝም ማይክሮዌቭም የሚሠሩት እዚያው አካባቢ ነው። ምግብ ሲሞቅ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ምክንያቱን አገኛችሁት። ራቅ ካላችሁ 2.4ን ምረጡ፣ ቀረብ ካላችሁ 5ን።

ራውተሩን መሬት ላይ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ከብረት ቁም ሣጥን ውስጥ አታስቀምጡት። ከፍ ያለ፣ ከቤቱ መሃል የሚቀርብ ቦታ ስጡት። ይህን ማንም ሰው ያለ ምንም ወጪ ሊያደርገው ይችላል፤ ራውተር ልቀይር ከማለታችሁ በፊት እባካችሁ ሞክሩት።

ድራይቨር ከየትም ማውረድ

ድራይቨር ዊንዶውስ የዋይፋይ ካርዱን እንዲያዝ የሚያስችለው ፕሮግራም ነው። ስልኩ እየሠራ ላፕቶፑ ብቻ እምቢ ሲል ሰው «ድራይቨር አፕዴት» ብሎ ይፈልግና ፊት ለፊት የመጣለትን ፕሮግራም ይጭናል። ብዙዎቹ ማስታወቂያ የሚረጩ ናቸው፣ የባሰ ተንኮል ያላቸውም አይጠፉም። ድራይቨር የሚወሰደው ከላፕቶፑ አምራች ድረገጽ ወይም ከዊንዶውስ አፕዴት ነው።

ደግሞም ችግሩ ድራይቨር ላይሆን ይችላል። ላፕቶፑ ሲከፈት በደንብ ሠርቶ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ዋይፋዩ የሚጠፋ ከሆነ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ግቡ። ኔትወርክ አዳፕተርስ በሚለው ሥር የዋይፋይ ካርዱን ሁለቴ ንኩትና ፓወር ማኔጅመንት የሚለውን ክፈቱ። ኃይል ለመቆጠብ ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያጠፋው የምትፈቅድ ሳጥን አለች። ምልክቷን አንሡላት። ይህ ገጽ በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የለም፤ ካጣችሁት አትጨነቁ።

ቁጥሮቹን ሳያነቡ ማለፍ

የዋይፋዩን ዝርዝር ስትከፍቱ የላፕቶፑ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ይታያል። በ169.254 ከጀመረ ላፕቶፑ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም። ዋይፋዩን ፎርጌት አድርጋችሁ ፓስወርዱን እንደ አዲስ አስገቡ።

አድራሻው ደህና ከሆነ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት የዊንዶውስ መስኮት) ላይ ping 8.8.8.8 ብላችሁ ጻፉና ኢንተርን ንኩ። መልስ እየመጣ ገጽ የማይከፈት ከሆነ መስመሩ አለ፤ የጠፋው የድረገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ሊሆን ይችላል። ዲኤንኤሱን ወደ 1.1.1.1 ወይም 8.8.8.8 ቀይሩት። አብርታችሁ የረሳችሁት ቪፒኤን ወይም ፕሮክሲም (እሱም ግንኙነታችሁን በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ ነው) ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል።

ቀንና ሰዓቱን አለማየት

የላፕቶፑ ቀን ወደ ኋላ ከተመለሰ ብራውዘሩ የድረገጾችን የደኅንነት ሰርተፊኬት አልቀበልም ይላል። በየገጹ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ ዋይፋዩ ግን ጤነኛ ነው። ቀኑን አስተካክሉት። ላፕቶፑ በጠፋ ቁጥር ተመልሶ የሚዛባ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሳታልቅ አትቀርምና አስቀይሯት።