በፖከር «ልክፈል ወይስ ልጣል?» ሲያስጨንቃችሁ

በሳንቲም መደብ በስልካችሁ ፖከር የምትጫወቱ፣ በእጃችሁ ካሉት ሁለት ካርታዎችና መሐል ላይ ለሁሉም ከሚገለጡት የጋራ ካርታዎች አራት ልብ አግኝታችሁ፣ አምስት ልብ ጠንካራ እጅ ስለሆነ አምስተኛውን ስትጠብቁ ተጋጣሚ ገንዘብ ከጨመረባችሁ በስሜት አትክፈሉ። ሁለት ቁጥሮችን ብቻ አወዳድሩ።

መጀመሪያ የሚያድኗችሁን ካርታዎች ቆጥራችሁ በ2 አባዙ። ልቦች 13 ናቸው፤ አራቱን ስላያችሁ 9 ይቀራሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው ካርታ የማግኘት ዕድላችሁ ወደ 18 በመቶ ነው። ሦስቱ የጋራ ካርታዎች ሲገለጡ ከ52ቱ ያላያችኋቸው 47 ስለሆኑ፣ እያንዳንዱ ከ2 በመቶ ጥቂት ይበልጣል።

ቀጥሎ ዋጋው። ትናንት ማታ ደሴ ላይ የጦሳ ጉም መስኮቱን ሸፍኖት ስጫወት መሐል 60 ሳንቲም ነበር፤ ተጋጣሚዬ 30 ጨመረ። እኔም 30 ብከፍል ጠቅላላው 120 ይሆናል፤ ድርሻዬ ሩቡ ነው። ስለዚህ 25 በመቶ ዕድል ያስፈልገኛል፣ ያለኝ 18 ነው። ጣልኩ። ሰዓቱ ሲሮጥ ማስላት ስለሚከብድ ቁጥሮቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ረከቦቱ ላይ አኑሬአለሁ፦ ተጋጣሚ የመሐሉን ገንዘብ ሲሶ ሲጨምር የሚያስፈልገኝ ዕድል 20 በመቶ፣ ግማሹን 25፣ ሙሉውን 33።

በ2 ፋንታ በ4 ማባዛት የሚቻለው ሁለቱን ቀሪ ካርታዎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ የምታዩ ከሆነ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ እባካችሁ ተጠንቀቁ።

ተጋጣሚው ብዙ ገንዘብ ቀርቶት ልቡ ሲመጣም የሚከፍል ዓይነት ከሆነ ግን ስሌቱን ጥቂት ማላላት፣ ማለትም ዕድላችሁ ከሚያስፈልገው ትንሽ ቢያንስም መክፈል ይቻላል። የጋራ ካርታዎቹ ላይ ጥንድ (ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ካርታዎች) ካለ ደግሞ ተጋጣሚ ከዚያ የበለጠ እጅ ሊኖረው ስለሚችል አታላሉት፤ ልቡ መጥቶም ልትሸነፉ ትችላላችሁ።