«የሦስት ሰዓት ነፋስ» ከየት ይነፍሳል? የረጅም ርቀት ተኩስ የአየርና የባሊስቲክስ ቃላት አረዳድ

የኢላማ ተኩስ ስፖርትን የሚከታተልና ጥይቱ የት እንደሚያርፍ የሚያሰላ የተኩስ ማስያ መተግበሪያ የሚሞክር የአዳማ ሰው በቅድሚያ የሚቸገረው በሒሳቡ ሳይሆን በቃላቱ ነው። አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲጠራ፣ መተግበሪያው አንደኛውን ጠይቆ ተጠቃሚው ሌላኛውን ቢሰጠውም ስሌቱ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀጥላል፤ ስሕተቱ የሚታየው ኢላማው ላይ ብቻ ነው። ቃላቱን ለመለማመድ ጠመንጃ አያስፈልግም። የጦር መሣሪያ አያያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ትምህርት ግን አነስተኛ የነፋስና የግፊት መለኪያ ይበቃል።

ከ«ጥይት» እንጀምር። በዕለት ንግግራችን ቀለሁን፣ ባሩዱንና ዓረሩን አንድ ላይ ጥይት እንላለን፤ ከአፈሙዝ ወዲያ ያለውን ጉዞ የሚያጠናው ባሊስቲክስ ግን የሚመለከተው ዓረሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ 175 ግሬይን (የጥይት ክብደት መለኪያ) የሚል ክብደት ሲነበብ የዓረሩ፣ ማለትም 11.3 ግራም ገደማ መሆኑ ይታወቅ። ባሊስቲክ ኮኤፊሸንት የሚባለው ቁጥር ዓረሩ የአየርን መጎተት ምን ያህል እንደሚቋቋም ይገልጻል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ፍጥነቱ ቶሎ አይደክምም። ቁጥሩ የሚሰጠው ግን በጂ-1 ወይም በጂ-7 መነሻ ነው። ጂ-1 አጭር አፍንጫና ደልዳላ መቀመጫ ካለው አሮጌ ቅርጽ፣ ጂ-7 ደግሞ ረጅምና ኋላው ከጠበበ ቅርጽ ጋር የተነጻጸረ ስለሆነ፣ የአንዱ ዓረር የጂ-1 ቁጥር የጂ-7ቱን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። የትኛው እንደሆነ ያልተጻፈበትን ቁጥር ባይጠቀሙበት ይሻላል።

በአዳማ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው «የአየር ግፊት» ነው። አንድ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ሆኜ የስልኬን የአየር ሁኔታ ገጽ ስከፍት 1016 ሄክቶፓስካል ይላል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው መለኪያ ግን 829 ያሳያል። መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ ባትሪውን አውጥቼ መለስኩ፤ ያው 829 ነው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። የአየር ሁኔታ ዘገባ በተለያየ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞችን ለማነጻጸር እንዲያመች፣ ግፊቱን ወደ ባሕር ወለል አስልቶ ያቀርባል። ዓረሩ የሚሰነጥቀው አየር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የአዳማ አየር ነው፤ የዚህም ግፊት 830 አካባቢ ነው። የመጀመሪያው «ወደ ባሕር ወለል የተመለሰ ግፊት»፣ ሁለተኛው «የስፍራው ግፊት» ቢባሉ ግልጽ ይሆናል።

መተግበሪያው የስፍራውን ግፊት ሲጠይቅ 1016 ብንሰጠው፣ አየሩን ከእውነቱ በ22 በመቶ ገደማ አወፍሮ ስለሚያስብ ከሚገባው በላይ ከፍ አድርገን እንድናነጣጥር ያዘናል፤ ዓረሩም ከኢላማው በላይ ያልፋል። የተገላቢጦሽ ስሕተትም አለ። ከፍታና ወደ ባሕር ወለል የተመለሰ ግፊት አብሮ ለሚጠይቅ መተግበሪያ 829ን ከ1,650 ሜትር ጋር ብንሰጠው ከፍታውን ሁለት ጊዜ ይቆጥርና ወደ 680 ሄክቶፓስካል ያወርደዋል፤ አዳማ ቁጭ ብለን እንጦጦ ራስ ላይ ነን ማለት ነው። እኔ የምመርጠው የስፍራውን ግፊት መለካትና በመተግበሪያው ከፍታ የሚሞላበትን ቦታ ዜሮ ማድረግ ወይም መዝጋት ነው።

ግፊትንና ሙቀትን ወደ አንድ ቁጥር የሚያጠቃልለው ቃል «የእፍግታ ከፍታ» ይባላል፤ እፍግታ የአየሩ ጥቅጥቅነት ነው። ቃሉ ከፍታ ይበል እንጂ የቆምንበትን መሬት አይለካም፤ አሁን ያለው አየር በመደበኛው ከባቢ አየር፣ ማለትም በባሕር ወለል ላይ 15 ዲግሪና 1013.25 ሄክቶፓስካል ተብሎ በተወሰነው፣ የስንት ሜትር አየር እንደሚመስል ይናገራል። ግፊቱ 830 ሆኖ ጠዋት 12 ዲግሪ ሲሆን የእፍግታ ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 2,500 ይወጣል። ሰውየው ከቦታው ሳይነቃነቅ አየሩ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጣ እንደ ማለት ነው። ሙቀት ባሩዱንም ስለሚነካ የአፈሙዝ ፍጥነት የተለካበት ሙቀት አብሮ ይመዝገብ። እርጥበት ግን ብዙ አያስጨንቅም፤ እንዲያውም የውኃ ተን ከደረቅ አየር ስለሚቀል እርጥብ አየር ከሚገመተው በተቃራኒ ጥቂት የሳሳ ነው።

ወደ ነፋስ ስንመጣ አማርኛ የራሱን ወጥመድ ይዞ ይጠብቀናል። የውጭ ተኳሾች ኢላማውን 12 ላይ አድርገው ነፋሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ በሰዓት ገጽ ይጠራሉ፤ የእነሱ «ሦስት ሰዓት» ከቀኝ ነው። እኛ ዘንድ ሦስት ሰዓት ሲሆን የብዙ ሰው የእጅ ሰዓት ቀስት የሚያመለክተው 9ን፣ ማለትም ግራን ነው። ማስታወሻዬን ያነበበ ጓደኛዬ «የሦስት ሰዓት ነፋስ» የሚለውን አይቶ ቀስቱን ከግራ ወደ ቀኝ ሲስልልኝ ነው የነቃሁት። «ከቀኝ» ወይም «ከግራ» ብሎ በዲግሪ መጻፍ ጣጣውን ይቆርጠዋል።

ከጎን በ90 ዲግሪ የሚመጣ ነፋስ ሙሉ ዋጋ አለው። ግማሽ ዋጋ የሚኖረው ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት በ45 ሳይሆን በ30 ዲግሪ ነው፤ በ45 ዲግሪ 70 በመቶው ይቀራል። የገፋውን መጠን ለመገመት፣ ዓረሩ በአየር ውስጥ ከወሰደበት ጊዜ ላይ አየር ባይኖር የሚወስድበትን ቀንሶ በጎን ነፋሱ ፍጥነት ማባዛት ነው። ለምሳሌ በሴኮንድ 800 ሜትር የሚወጣ ዓረር 600 ሜትርን አየር በሌለበት በ0.75 ሴኮንድ ያልፋል፤ በእውነቱ 1 ሴኮንድ ከወሰደበት መዘግየቱ 0.25 ነው፤ የ4 ሜትር በሴኮንድ የጎን ነፋስም 1 ሜትር ይገፋዋል።

አቅጣጫን ለመለማመድ በኮረብቶቹ ላይ ያሉት 136 የነፋስ ተርባይኖች ይጠቅማሉ፤ ፊታቸውን ያዞሩበት ነፋሱ የሚመጣበት ነው። ለፍጥነት ግን አይታመኑም፤ የላይኛው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከታችኛው ይበረታል። ለዝቅተኛው ነፋስ በቴሌስኮፕ የሚታየውን የሙቀት ንዝረት ማየት ይሻላል፤ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ከፈላ የጎን ነፋስ የለም ለማለት ይቻላል፣ ከተጋደመ በርትቷል።

የማነጣጠሪያው እርማት የሚለካው በማዕዘን ነው። «ደቂቃ» በዚህ ስፍራ የጊዜ ሳይሆን የዲግሪ 60ኛ ክፍል ሲሆን በ100 ሜትር ርቀት 2.9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከ«ማይል» ጋር የሚምታታው ሌላው የማዕዘን መለኪያ «ሚል» ደግሞ በ100 ሜትር ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር ነው።

ምዝገባው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሆን ይመቻል፦ የስፍራው ግፊት፣ ሙቀት፣ ነፋሱ ከየት ጎንና በስንት ዲግሪ እንደመጣ፣ ፍጥነቱ በሜትር በሴኮንድ፣ በመጨረሻም ሰዓቱ፤ «ጠዋት 1 ሰዓት» ብለን የጻፍነውን መተግበሪያው 7፡00 ብሎ እንደሚያስቀምጠው አንርሳ።