አርቱ ዲቱን ቤታችሁ ውስጥ ስሩት (ከሳህንና ከካርቶን፣ ደሴ ላይ በሚገኝ እቃ)

የስታር ዋርስ ፊልሙ አርቱ ዲቱ ማለት ያ ነጭና ሰማያዊ ድንክ ሮቦት ነው፣ ከ1977 ጀምሮ አንድ ቃል ሳይናገር በፉጨትና በጩኸት ብቻ የሰው አንጀት የሚበላው። እዚህ ደሴም ኮምቦልቻም ሊሰራው የሚመኝ ልጅ ሞልቷል ግን አብዛኛው እቃው የለም ብሎ ገና ሳይጀምር ይተወዋል። እኔ ይሄን አልቀበልም፣ ዋናው አርቱ ራሱ ከቁርጥራጭ ነው የተወለደው። ለመጀመሪያው ፊልም የሞከሩት አካል ከእንጨት ነበር፣ ጭንቅላቱ የአሮጌ መብራት ክዳን፣ ራሱ ላይ ያሉት አይን የሚመስሉት ክብ ነገሮች ደግሞ ቫይከርስ ቫይካውንት ከሚባል የመንገደኛ አውሮፕላን የተነቀሉ የማንበቢያ መብራቶች ናቸው። ስለዚህ ቆራሌው የሚሰበስበውን እቃ አትናቁ።

መጀመሪያ ሳህኑን ግዙ፣ ሌላው ልክ ሁሉ ከሱ ነው የሚወጣው። ሰኞ ገበያ ወጣ በሉና ሲደፋ ግማሽ ኳስ የሚሆን ጎድጓዳ የፕላስቲክ ሳህን ፈልጉ፣ አፉ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ አሪፍ ነው። የብረት ሳህን ያምራል ግን ተዉት፣ ጭንቅላቱን የሚያዞረው ሞተር ትንሽ ስለሆነ አይችለውም። የፊልሙ አርቱ አካሉ ያለ እግሮቹ ወርዱ 46 ሴንቲ ገደማ ቁመቱ 109 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ቁመቱ የወርዱ ሁለት እጥፍ ከሲሶ መሆኑ ነው፣ ሳህናችሁ 15 ከሆነ እንግዲህ ከእግር እስከ ራስ 35 ሴንቲ ያዙለት። ይሄን ልክ አትልቀቁት፣ ትንሽ እንኳን ከረዘመ ያ ድንክነቱ ይጠፋና ሌላ ሮቦት ነው የሚሆነው።

ለአካሉ የጫማ ካርቶን አይነት ቀጭኑን ተጠቀሙ፣ ወፍራሙ የሳሙና ካርቶን ሲጠቀለል ይሰባበራል። ከሳህኑ አፍ ጋር እኩል የሆነ የዱቄት ወተት ወይ የቀለም ቆርቆሮ ፈልጉና ካርቶኑን በኮላ እየቀባችሁ ሶስት ዙር ጠቅልሉበት፣ መጀመሪያ ግን ቆርቆሮውን በፌስታል ሸፍኑት አለዛ ተጣብቆ አይወጣም። ክረምት ላይ ደሴ ጉሙ ቤት ድረስ ስለሚገባ ኮላው በአንድ ቀን ይደርቃል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ሳይደርቅ ካወጣችሁት ይጣመማል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ሙቀቱ ስላላችሁ ቶሎ ትጨርሳላችሁ። ሲደርቅ ከላይና ከታች ክብ ቀጭን ጣውላ ቁረጡና ግጠሙበት፣ ጥንካሬውን የሚሰጠው እሱ ነው።

እግሮቹ ሶስት ናቸው፣ ሁለቱ በጎን አንዱ ከፊት። ሲሄድ የፊተኛው ይወርድና አካሉ ወደ ኋላ 18 ዲግሪ ያዘነብላል፣ እናንተ በቃ እንዳዘነበለ አድርጋችሁ ስሩት። ቢጫዎቹን ባለ ጊር ሞተሮች አንድ አንድ እያደረጋችሁ የጎን እግሮቹ ውስጥ ግጠሙ፣ የፊተኛው ስር በየአቅጣጫው የምትዞር ትንሽ ጎማ ትበቃለች። ባትሪው ከታች ይሁን፣ ከላይ ከሆነ ገና ሲነሳ ይገለበጣል። የደሴን ዳገትና ኮብልስቶን ደግሞ እርሱት፣ ሊሾ ወለል ወይ ሴራሚክ ላይ ብቻ ንዱት። ቱኒዝያ በረሃ ላይ ሲቀርፁም በሪሞት የሚነዳው አርቱ እየተበላሸ አስቸግሯቸዋል፣ ብዙ ቦታ ላይ ውስጡ ሆኖ ያንቀሳቅሰው የነበረው ኬኒ ባከር የሚባል ቁመቱ 112 ሴንቲ የሆነ ተዋናይ ነው።

ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ብዙ አልቆይም። አርዱይኖ ኡኖ (ኮዱ የሚጫንበት፣ ሁሉንም የሚያዘው ቦርድ)፣ ኤል 298 ኤን የሞተር መቆጣጠሪያ፣ ከስልክ ትእዛዝ የሚቀበል ኤችሲ 05 ብሉቱዝ፣ ኤስጂ 90 ሰርቮ (ጭንቅላቱን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር)፣ ዲኤፍ ፕሌየር ሚኒ የምትባል ትንሽ ድምፅ ማጫወቻ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ስፒከር። ካጣችሁ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ዘመድ ወይ ጎረቤት ጠይቁ፣ ፕሮጀክቱን ጨርሶ ቦርዱን ያስቀመጠ ተማሪ አይጠፋም፣ ካልሆነ ከአዲስ አበባ አስልኩ። ባትሪ ከሞተ ላፕቶፕ ውስጥ የሚወጡ ሁለት የሊትየም ሴሎች በተከታታይ አገናኙ፣ 7.4 ቮልት ይሆናሉ፣ መቆጣጠሪያው ወደ 2 ቮልት ስለሚበላ ለሞተሮቹ የሚተርፈው ልካቸው ነው። ሴሉን ሳትጠቀሙ በፊት በቴስተር ለኩት፣ ከ2.5 ቮልት በታች የወረደ ወይ ያበጠ ከሆነ ለመሙላት አትሞክሩ፣ እሳት ነው። አንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት በላይ መሞላት የለበትም፣ ቻርጀሩም የሊትየም መሆን አለበት፣ ወላሂ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሰርቮውን ከአርዱይኖው አታብሉት፣ ጭንቅላት በዞረ ቁጥር ቦርዱ ጠፍቶ ይነሳባችኋል፣ ቮልቴጅ ቀናሽ ቦርድ ለብቻው አድርጉለትና የሁሉንም ኔጌቲቭ አንድ ላይ እሰሩ። ወደ ድምፅ ማጫወቻው በሚሄደው የመረጃ ሽቦ መሀል ደግሞ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገቡ፣ አለዛ ስፒከሩ ይንጫጫል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እስካሁን የሰራችሁት የሚሄድ ቆርቆሮ ነው፣ አርቱ የሚሆነው በጭንቅላቱና በድምፁ ነው፣ ስለዚህ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ድምፁን የሰራው የፊልሙ የድምፅ ባለሙያ ቤን በርት ኤአርፒ 2600 በሚባል ሲንተሳይዘር (ድምፅ የሚፈጥር የኤሌክትሮኒክ መሳሪያ) ነው ግን ማሽኑ ብቻውን ነፍስ አልሰጠውም፣ እንደ ህፃን እየተንተባተበ የራሱን ድምፅ ቀላቀለበት። እናንተም እንደዛው አድርጉ፣ ስልካችሁ ላይ አፉጩ፣ እንደ ህፃን አጉረምርሙ፣ ከዛ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ድምፁን አቅጥኑትና ፍጥነቱን ቀያይሩ። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ካላችሁ ደግሞ በጣም ነው የምትጠቀሙት፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚንሸራተትበት አነፋፍ ለአርቱ ልክ ነው፣ ሲያዝን በትዝታ ቅኝት ሁለት ሶስት ኖታ ብቻ ይበቃዋል። ወሎ ሆነን፣ ባቲና አምባሰል ደጃችን ላይ እያሉ፣ ሁሌ ከኢንተርኔት በወረደ ድምፅ መጫወት ያሳዝነኛል። ቢያንስ ደስታ፣ ፍርሃት፣ ንዴትና ጥያቄ ይኑረው፣ ለእያንዳንዱም ሶስት አራት አይነት ድምፅ አዘጋጁ፣ አንድ አይነት ሲደጋገም ወዲያው መጫወቻ መሆኑ ይታወቃል። ጥያቄው መጨረሻው ላይ ከፍ ይበል፣ ንዴቱ አጭርና የተቆራረጠ ይሁን። ፋይሎቹን 0001፣ 0002 እያላችሁ ሰይሙና በዛው ቅደም ተከተል አንድ በአንድ የድምፅ ማጫወቻዋ ሚሞሪ ካርድ ላይ ገልብጡ።

ሰርቮው 180 ዲግሪ ነው የሚዞረው፣ ይበቃል። የሳህኑ ክብደት ሰርቮው ላይ እንዳያርፍ የአካሉን ጠርዝ በሻማ አለስልሱና እዛ ላይ ይንሸራተት። ኮዱ ላይ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፣ መጀመሪያ ጭንቅላቱ ወደ ሰውየው ይዙር፣ ግማሽ ሰከንድ ዝም ይበል፣ ከዛ ድምፁ ይውጣ። ያቺ ዝምታ ያሰበ ታስመስለዋለች። ማንም ሳያዘውም አልፎ አልፎ ዘወር ብሎ የሚያይበት ትእዛዝ ጨምሩለት፣ ሰአቱ የተለያየ ይሁን።

ቀለም መጨረሻ ላይ ነው። ካርቶኑን በስቱኮ ለስልሱት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ነጭ ስፕሬይ ሁለት ዙር ንፉና ሰማያዊዎቹን ቦታዎች ዙሪያቸውን በፕላስተር ከልላችሁ ቀቡ፣ ሳህኑ ብርማ ይሁን። ሲደርቅ ጥቁር ቀለም በውሃ አቅጥናችሁ በጨርቅ መጋጠሚያዎቹ ላይ እያሻችሁ ጥረጉት፣ ያልተነካካ አዲስ ከመሰለ አርቱ አይመስልም።