ፒክአፕ የሚጎትተው ተሳቢ እንዳይወዛወዝ እንዴት መጫንና መንዳት እንደሚቻል

አሜሪካ ውስጥ ከጨረታ ግቢ ካምሪ ገዝታችሁ፣ በሁለት አክስል ተሳቢ ጭናችሁ፣ በኤፍ-150 ወይም በታንድራ ልትጎትቱ ነው እንበል። ባዶው ተሳቢ ወደ 2,000 ፓውንድ፣ መኪናው ወደ 3,300፣ ድምሩ 5,300 ፓውንድ ይመጣል። ለፒክአፑ ሞተር ይህ ምንም አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም በዚሁ ነው። ጉልበት ያለው መኪና ጭነቱን በሰዓት እስከ 70 ማይል ያለ ችግር ያደርሰዋል። ተሳቢው ግራ ቀኝ መማታት ሲጀምር ግን የፒክአፑን ጀርባ አብሮ ይወስደዋል፤ ያኔ ጉልበቱ አይረዳችሁም።

አጫጫን

ኳሱ (ተሳቢው የሚታሰርበት፣ ፒክአፑ ጀርባ ላይ ያለው ክብ ብረት) ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተሳቢውና ከጭነቱ ድምር ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት፤ እዚህ ከ530 እስከ 800 ፓውንድ ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው ወደ ኋላ ከብዷል። ንፋስ ወይም በጎን የሚያልፍ ከባድ መኪና ትንሽ ገፋ ሲያደርገው ይወዛወዛል፤ ፍጥነቱም ከፍ ያለ ከሆነ ሁለተኛው ምት ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይብሳል።

የአብዛኛው መኪና ክብደት ያለው ሞተሩ ጋ ነው፤ ስለዚህ አፍንጫው ወደ ፒክአፑ ዞሮ ይጫን። የጨረታ ግቢ ሠራተኛ ግን የተጋጨውን መኪና በፎርክሊፍት አንስቶ ለእሱ በሚመቸው አቅጣጫ አስቀምጦላችሁ ይሄዳል። ሳያወርደው በፊት ንገሩት፤ ካወረደው በኋላ ማዞር ጣጣ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ኮሮላ ጀርባዋን ወደ ፊት አድርገው ሲጭኑለት «ከታሰረ ምን ለውጥ አለው?» ብሎ ወጣ። ማሰሪያዎቹ በእርግጥ አንዳቸውም አልላሉም። ቁልቁለቱ ላይ ግን ተሳቢው ሁለት መስመር እየጠረገ ነበር የወረደው።

ዋናው ሥራ መኪናውን ተሳቢው ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያስጠጉ ማስተካከል ነው። በተለመደው 18 ጫማ ተሳቢ ላይ ይህን የሚያህል መኪና 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ማስጠጋት ኳሱ ላይ ወደ 200 ፓውንድ ይጨምራል። በዓይን ለክቶ «ይበቃል» ማለት የማይሠራው ለዚህ ነው።

የምትለኩት በተራ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ነው። ሚዛኑ 600 ፓውንድ ስለማይችል ጠንካራ አጣና ያስፈልጋችኋል። የአጣናውን አንድ ጫፍ ወፍራም ቧንቧ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ደግሞ ሚዛኑ ላይ አሳርፉ፤ በሁለቱ መካከል 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አጣናው ብቻውን እንዳለ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ከዚያ የተሳቢውን አፍ (ኳሱን የሚጎርሰውን የፊት ጫፉን) ከቧንቧው 30፣ ከሚዛኑ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ አሳርፉና ያነበባችሁትን በሦስት አባዙ። 200 ካለ ኳሱ ላይ የሚያርፈው 600 ፓውንድ ነው። ተሳቢው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ጎማዎቹ ይታገዱ፣ የአፉ ከፍታም ኳሱ ላይ ሲሆን ከሚኖረው ጋር እኩል ይሁን። ይህ ሁሉ ካሰለቻችሁ ትራክ ስቶፕ (የከባድ መኪና ማረፊያ) ያለው «ካት» የሚባል የመኪና ሚዛን ላይ አንዴ ከነተሳቢው፣ አንዴ ፒክአፑን ብቻ መዝኑ። የፒክአፑ ጎማዎች ላይ የታየው ልዩነት የምትፈልጉት ቁጥር ነው።

ይህ ክብደት ከፒክአፑ የመጫን አቅም ላይ ይቀነሳል። የሾፌሩ በር ሲከፈት የሚታየው ተለጣፊ 1,400 ፓውንድ ካለ፣ 600ው ሲነሳለት ለሰውና ለዕቃ የሚቀረው 800 ብቻ ነው። ሪሲቨሩ (ፒክአፑ ጀርባ ስር ያለው የኳሱ መሰኪያ) ላይ ያለውንም ተለጣፊ አንብቡ፤ ብዙ ቀላል ፒክአፖች ያለ ክብደት አከፋፋይ ሂች (የኳሱን ጫና ወደ ፊት ጎማዎች የሚያካፍል ማያያዣ) ከ5,000 ፓውንድ በላይ አይፈቅዱም።

ሂች፣ ጎማ፣ ፍሬን

ከመግጠማችሁ በፊት ከፊት ጎማው በላይ ያለውን የአካሉን ጠርዝ ከመሬት ለኩ፤ ከገጠማችሁ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ፊቱ ብዙ ከፍ ካለ መሪው ቀልሏል፤ ክብደት አከፋፋይ ሂች የተሠራው ይህን ለመመለስ ነው። ውዝዋዜ የሚይዙት የፍሪክሽን ዘንጎች ጥሩ ናቸው፣ እኔም እጠቀማለሁ፤ ግን የተበላሸ አጫጫንን ይሸፍናሉ እንጂ አያርሙም። አስቀድማችሁ ጭነቱን አስተካክሉ፣ ከዚያ ግዟቸው።

ተሳቢው ከመሬቱ ጋር እኩል ይተኛ ወይም አፉ በጥቂቱ ዝቅ ይበል። አፉ ሽቅብ ካየ ዝቅ ያለ የኳስ ማስገቢያ ግዙ። የኳሱ ቁጥር ከተሳቢው አፍ ቁጥር ጋር አንድ ይሁን፤ 2 ኢንች ኳስ 2 5/16 አፍ ውስጥ የተቆለፈ ይመስላል፣ ጉድጓድ ላይ ዘሎ ይወጣል። የተሳቢውን የደህንነት ሰንሰለቶች ከአፉ ስር አቆላልፉ።

ጎማው «ኤስቲ» የተጻፈበት የተሳቢ ጎማ ይሁን። ጎኑ ስለሚጠነክር በውዝዋዜ ጊዜ አይታጠፍም። ንፋሱን ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ጎኑ ላይ እስከተጻፈው ልክ ሙሉ። የፒክአፑን የኋላ ጎማዎችም አትርሱ።

ተሳቢው የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው ብሬክ ኮንትሮለር (ከሾፌሩ አጠገብ ሆኖ የተሳቢውን ፍሬን የሚያዝ መሣሪያ) የግድ ነው፤ ገንዘብ መቆጠብ ያለበት እዚህ ላይ አይደለም። ባዶ ሜዳ ላይ በ25 ማይል እየነዳችሁ በእጅ ጫኑት፤ የተሳቢው ጎማ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ኃይሉን ጨምሩና ጥቂት መልሱ። የኪራይ ተሳቢዎች ብዙውን ጊዜ ሰርጅ ፍሬን (ፒክአፑ ሲቀንስ በተሳቢው ግፊት በራሱ የሚይዝ) ስላላቸው በእጅ የሚጫን ነገር የለም።

መንገድ ላይ

አከራዩ ኩባንያ ዩ-ሆል ተሳቢዎቹን ከ55 ማይል በላይ አትጎትቱ ይላል፤ ካሊፎርኒያም ተሳቢ ለሚጎትት መኪና ያወጣችው ገደብ 55 ነው። ዋዮሚንግ ውስጥ አይ-80 አውራ ጎዳና ላይ ንፋስ ካለ እሱም ይበዛል። ቁልቁለት ላይ፣ ለምሳሌ ኮሎራዶ ውስጥ ከአይዘንሃወር ዋሻ ወደ ዴንቨር ስትወርዱ፣ ማርሹን አስቀድማችሁ ቀንሱ።

መወዛወዝ ከጀመረ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ተሳቢውን ተከትላችሁ ግራ ቀኝ አታዙሩ፤ እጃችሁ ሁልጊዜ ዘግይቶ ስለሚደርስ ምቱን ታባብሱታላችሁ። የእግር ፍሬን አትርገጡ፤ ፒክአፑ ሲቀንስ ጭነቱ ከኋላ ይገፋውና ታጥፎ ይቆማል። ኮንትሮለሩን በእጅ ጫኑ፤ ተሳቢው ብቻውን ሲይዝ ወደ ኋላ እየተጎተተ ይቃናል። «ነዳጅ ስጠው፣ ይስተካከላል» የሚሉ አሉ፤ ለአፍታ ቢቃና እንኳ ቀጣዩ ምት የሚያገኛችሁ በበለጠ ፍጥነት ነው። አዳዲስ ፒክአፖች በራሳቸው ጎማ ለይተው ፍሬን ይይዛሉ፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ደንግጣችሁ አትታገሉት።

ሲረጋ ጥግ ይዛችሁ ቁሙና ጎማውን፣ ኳሱን፣ ማሰሪያውን እዩ። እዚያው መንገድ ዳር መኪናውን ለማስጠጋት ማሰሪያ አትፍቱ። ከ45 ማይል ሳትበልጡ እስከሚቀጥለው መውጫ ሂዱና ሜዳ ቦታ ላይ ወደ ፊት አስጠጉት።