ሰጋር ማስወለድ፦ ዘሩ የት ላይ ይስታል?

አባትም እናትም ሰጋር፣ ውርንጭላው ሶምሶማ

ደሴ ዙሪያ ሰጋር፣ ማለትም ፈረሰኛውን ሳያንገላታ በለሰለሰ አካሄድ የሚሄድ ፈረስ፣ ከሚያረቡ ሰዎች አፍ የማይጠፋ ቅሬታ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው።

አንደኛ፣ የድንጉላው (የወንዱ ፈረስ) ስግሪያ የገሪው፣ ማለትም የአሠልጣኙ፣ ሥራ ይሆናል። በልጓምና በኮርቻ የተማረውን አካሄድ ፈረስ ለልጁ አያወርስም። ስለዚህ ሠርግ ላይ ተሸልሞ ባያችሁት ድንጉላ አትማረኩ። ኮርቻውን አስወልቃችሁ ሜዳ ላይ ይለቀቅና ጆሯችሁን ስጡት። ሶምሶማ ሁለት ምት ነው፤ የፊት ቀኝ ከኋላ ግራ፣ የፊት ግራ ከኋላ ቀኝ ተጣምረው ያርፋሉ። ሰጋር ግን አራቱንም ኮቴ ለየብቻ ያሰማል። ዝናብ ባራሰው መሬት ላይ ደግሞ ዱካውን እዩ፤ ሲራመድ የኋላው ኮቴ የፊተኛውን ዱካ አልፎ ካረፈ ጥሩ ምልክት ነው።

ሁለተኛው ዘሩ ራሱ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች በተለይ የአይስላንድን ፈረሶች አጥንተው፣ ዲኤምአርቲ3 በተባለው ዘረመል ላይ ያለ ለውጥ ከስግሪያ ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ውርንጭላ የዚህን ዘረመል አንድ ቅጂ ከአባቱ፣ አንድ ከእናቱ ይወስዳል። ሁለቱም ወላጆች ለውጡን በአንዱ ቅጂያቸው ብቻ ከያዙ፣ ከአራት አንዱ ውርንጭላ ለውጡ ጨርሶ ሳይደርሰው ሊወለድ ይችላል።

መፍትሄው ድንጉላውን በልጆቹ መመዘን ነው፤ ያውም ከሶምሶማ ባዝሮች (ሴት ፈረሶች) በወለዳቸው። ከሰጋር ባዝራ የተወለደውማ የእናቱን ይዞ ሊሆን ይችላል። አንድ ልጅ አይበቃም፤ ሦስት አራቱን ገና ኮርቻ ሳይነካቸው ከእናታቸው ጎን ሲሄዱ እዩ። ባለቤቱ «ሁሉም ተሸጠዋል» ካላችሁ ወደ ኩታበር ወይ ወደ ለጋምቦ ሄዳችሁ ሌላ ጠይቁ። የሰፈሩ ፈረስ ሁሉ የአንድ ድንጉላ ልጅ ከሆነም ከሌላ አገር አምጡ፤ ልጅን ለአባቷ አትመልሱ።

ይሰግራል፣ ግን ያንገላታል

የአንድ ጎን እግሮች አብረው ከተነሱ ፈረሰኛው ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ስግሪያው በዝቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለችውን ባዝራ ወደ ሶምሶማ ያደላ ድንጉላ ስጧት።

ሲሰግር ኖሮ ተወ

ዘሩን አትውቀሱ። ገጣባ (የጀርባ ቁስል)፣ የረዘመ ኮቴ፣ የማይገጥም ኮርቻ መጀመሪያ ይታዩ። ኮምቦልቻ ጋሪ ላይ ከርሞ የመጣ ፈረስ ሶምሶማ ቢለምድም አይገርምም።

በቅሎዋ ሶምሶማ ወጣች

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። በስግሪያ ጉዳይ አልዋሸችም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በባዝራዋ በኩል ነው። ወንዱ አህያ ጉልበቱና ጤናው ይታይ፤ ባዝራዋ ሶምሶማ ከሆነች ግን አህያ ብታማርጡ ብዙ አትጠቀሙም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው፤ በቅሎ 63 ይዛ መካን ትሆናለች። በቅሎ ዋጋ ታወጣለች ተብሎ ምርጧ ሰጋር ባዝራ በየዓመቱ ለአህያ ስትሰጥ ዘሯ ከእሷ ጋር ያልቃል። ሳታረጅ ቢያንስ አንድ ሴት ውርንጭላ ከሰጋር ድንጉላ አስቀሩላት። ባዝራ 11 ወር ገደማ ታረግዛለች፣ ከወለደች በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ደግሞ ድንጉላ ትፈልጋለች፤ ስለዚህ ከባለድንጉላው ጋር የምትስማሙት ሳትወልድ ነው። ያ ቢያመልጣችሁ ፍላጎቷ በሦስት ሳምንት ገደማ ይመለሳል።