በበጋ የሚፈስ የጎርፍ ቦይ፦ የአቃቂን ብክለት ከምንጩ ማቆም

አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ጎርፍ ቦይ የተደፋ ነገር ሁሉ ሳይጣራ በገባር ወንዞች በኩል ትልቁ ወይም ትንሹ አቃቂ ውስጥ ይገባል። ሁለቱ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የተሸከማቸው ክሮሚየምና እርሳስ የተባሉ መርዛማ ብረቶች ስለዚህ በመንገዱ ላይ ይቀራሉ፤ በዚሁ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። የወንዝ ዳር ጽዳት ዘመቻ መልካም ነው፤ ወደ ቦዩ የሚገባው ፍሳሽ ከምንጩ ካልቆመ ግን በሳምንቱ ያው ነው።

ፍሳሽ ወደ ጎርፍ ቦይ የሚገባበትን ቦታ ለመፈለግ የሚያመቸው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ዝናብ ካቆመ ሦስት ቀን ያለፈው የጎርፍ ቦይ ደረቅ መሆን አለበት። ከፈሰሰ የፈነዳ የውሃ መስመር ወይም ምንጭ ከሌለ በስተቀር፣ አንድ ሰው ፍሳሹን ቀጥሎበታል። ቦዩ ወንዙ ላይ ከሚወጣበት አፍ ተነሥተው ሽቅብ በየማንሆሉ ይመልከቱ፤ ፍሳሹ ያለበት የመጨረሻው ማንሆልና ቀጥሎ ያለው ደረቅ ማንሆል መካከል ነው ምንጩ። ግራጫና የሚከረፋ ከሆነ የሽንት ቤት ነው፤ ነጭ ጮማ ጠርዙ ላይ ከጋገረ የምግብ ቤት። ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ሽፋን ካዩ በእንጨት ይንኩት፤ ተሰባብሮ ከቀረ የብረት ባክቴሪያ ነው፣ ተመልሶ ከገጠመ ዘይት ነው። ማንሆል ውስጥ ግን ፈጽሞ አይግቡ። የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫ ማሽተቱን ያቆማል፤ ሰው ሳያውቀው ይሞታል።

የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ቦይ ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው ሴፕቲክ ታንኩ (የሽንት ቤት ፍሳሽ ዝቃጩን የሚያስቀርበት ታንክ) ስላነሰ ወይም ከታንኩ የወጣው ውሃ ወደ አፈር የሚሰርግበት ማስረጊያ ጉድጓድ ስላልሠራ ነው። ለስድስት ሰው፣ በቀን 80 ሊትር በነፍስ ወከፍ ብናስብ፣ የሁለት ቀን ፍሳሽ ወደ 1 ሜትር ኩብ ይጠጋል። የሦስት ዓመት ዝቃጭ ሲጨመር ወደ 1.7 ይጠጋል፤ 2 ሜትር ኩብ ይሥሩ። ሁለት ክፍል ይኑረው፤ የመጀመሪያው የይዘቱን ሁለት ሦስተኛ ይያዝ። መውጫው ከመግቢያው ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ጫፉ ላይ ቲ (የT ቅርጽ ያለው ቱቦ) ገብቶ ታችኛው እግሩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃው ውስጥ ይጥለቅ። ቲው ከሌለ የሚንሳፈፈው ጮማ ማስረጊያውን ይደፍነዋል። ዝቃጩ የታንኩን ሲሶ ሲሞላ ያስመጥጡ።

ማስረጊያ ከመቆፈርዎ በፊት አፈሩን ይፈትኑ። ማስረጊያው ሊያርፍበት በታሰበው ጥልቀት ላይ ስፋቱም ጥልቀቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፍሩ፣ ውሃ ሞልተው ይደር፤ በነጋው እንደገና ሞልተው ይለኩ። በሰዓት ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከቀነሰ አይሠራም። ማሳደሩን መዝለል ትልቁ ስህተት ነው፦ መረሬ አፈር በበጋ ስለሚሰነጠቅ ውሃው ቶሎ ይጠፋል፣ ክረምት ሲመጣ ስንጥቁ ተዘግቶ ፍሳሹ ግቢ ላይ ይወጣል። አፈሩ ካልተቀበለ መፍትሔው ከፍሳሽ መስመር ጋር መገናኘት ወይም ውሃ የማያሳልፍ ታንክ ሠርቶ በየጊዜው ማስመጠጥ ነው። የጉድጓድ ውሃ ካለ ማስረጊያውን ቢያንስ 30 ሜትር ያርቁ።

ምግብ ቤት የቅባት ማጥመጃ፣ ማለትም ቅባቱ ተንሳፍፎ የሚቀርበት ታንክ፣ ያስፈልገዋል። ውሃው ውስጡ 30 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ በሥራ ሰዓት በደቂቃ 10 ሊትር የሚያፈስ ኩሽና 300 ሊትር ማለት ነው። ቅባቱና ዝቃጩ ሩቡን ሲይዙ ይጠረግ። የፈላ ውሃ አይድፉበት፤ ቅባቱን አቅልጦ ያሳልፈዋል።

ላቫጆና ጋራዥ ላይ ችግሩ ሳሙና ነው። ዘይት መለያ ጉድጓድ የሚሠራው ዘይት ስለሚንሳፈፍ ነው፤ ሳሙና ዘይቱን ከውሃው ጋር ስለሚቀላቅለው ተያይዞ ይወጣል። ሞተር የሚታጠብበትን ቦታ ከመኪና ማጠቢያው ይለዩ። የተቃጠለ ዘይት ክዳን ባለው በርሜል፣ ጣሪያ ሥር ይቀመጥ። የፈሰሰውን በሰጋቱራ ያንሡት እንጂ በውሃ አይግፉት።

የቆዳ ፋብሪካ ጉዳይ ሌላ ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳ ለማልፋት ከሚጨመረው ክሮሚየም (ክሮም) ከ30 እስከ 40 በመቶው ቆዳው ላይ ሳይይዝ ከውሃው ጋር ይወጣል። ይህ ውሃ ለብቻው ተይዞ በማግኒዚየም ኦክሳይድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ8 እስከ 9 ሲደርስ ክሮሙ ይዘቅጣል፤ በሰልፈሪክ አሲድ ተሟሙቶ መልሶ ሥራ ላይ ይውላል። ፀጉር ከተነቀለበት የኖራና ሰልፋይድ ውሃ ጋር ግን በአንድ ቦይ ማገናኘት አይቻልም፦ የክሮም ውሃ አሲድ ስለሆነ ያንኑ ገዳይ ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድን፣ ያስነሣል። የሰልፋይዱ ውሃ መጀመሪያ ሰልፋይዱ እንዲወገድ ጥቂት ማንጋኒዝ ሰልፌት ተጨምሮበት አየር ይነፋበት።